የአንጓች እንቅልፍ

እኔ የሰማሁትን አልረሳም። ሌላዋ አሮጊት የገዛ ልጇን ስም ስታምታታ፣ እኔ የተጠመቅሁበት ውሃ ቅዝቃዜው ሳይቀር ትዝ ይለኛል። የረሳሁት ነገር ካለም እስከ ዛሬ አላስታወስኩትም። ስለዚህ ልጄ፣ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጠፍ አድርጊና ስሚኝ፤ ይሄንን ከኔ የተሻለ የሚነግርሽ የለም፣ የነበሩትም ሞተዋል።

እኛ አገር፣ ቁልቋል በር፣ ሠርግ በተደረገ ማግስት የሙሽራይቱ እናት አትጠራም። ስሟን ያነሳ ሰው ይቀጣል። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ እሳቱን አጥፍተው ሲጨርሱ ነው የሚነግሯት። ይሄ ቀን «የአንጓች እንቅልፍ» ይባላል፤ ለምን እንደተባለ ደግሞ አባቶች ሲያወሩ እንዲህ ነው።

አንጓች የቢሻው ሚስት ነበረች። ቢሻው ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ከተወለደ ጀምሮ ዕቃ ፈልጎ አግኝቶ አያውቅም፤ ጋቢውን ለብሶት ቆሞ «ጋቢዬስ?» የሚል ዓይነት ነበር ይባላል። በዚያ ቤት ጨው የት እንዳለ የምታውቀው አንጓች፣ ገመድ የት እንዳለ የምታውቀው አንጓች፣ የጎረቤት ዶሮ የት እንደምትጥል የምታውቀውም አንጓች። ጎህ ሳይቀድ ስሟ መጠራት ይጀምራል፣ መሽቶም አያበቃም። ቁጭ ብላ ያያት ሰው ስላልነበረ አንዳንዶቹ እንዲያውም «ጉልበቷ አይታጠፍም» ብለው ያሟት ነበር።

እሷ ግን አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር። ሌሎቹ ልጆቿ በጨቅላነታቸው ሞተውባት የተረፈችላት ስንዱ ብቻ ናትና፣ «የስንዱን ሠርግ ያየሁ ዕለት ደስታዬ ሙሉ ይሆናል» ትላለች። ለዚያች ዕለት ዓመት ሙሉ ፈጨች፣ ጠነሰሰች፣ ለቀመች፤ የልጇንም ፀጉር ራሷ ቁጭ አድርጋ ሠራቻት፤ እሷ ግን ቆማ ነው የሠራቻት።

ሠርጉም ደረሰ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። አንጓች ጭፈራውን የሰማችው ከድስት ጀርባ ሆና ነው። ሙሽሪት በበቅሎ ተቀምጣ ልትሄድ ስትል እናት ልታቅፋት እጇን ብትዘረጋ፣ ከወጥ ቤት «አንጓች! ጭልፋው የት ገባ?» ብለው ጠሯት። ሮጣ ሄዳ ጭልፋውን አውጥታ ሰጥታ ስትመለስ በቅሎዋ ዳገቱን አልፋለች። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ደስታ መጥቶ፣ በሯ ላይ ቆሞ፣ ሳታየው ሄደ።

«ትንሽ ልቀመጥ» አለችው ቢሻውን።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለ ከልቡ ደንግጦ።

ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። እዚያ የጤፍ ጎተራቸው አለ፤ ጎተራ ማለት ያው ከቤት ውጭ የሚቆመው፣ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚመረገው የእህል ማስቀመጫ ነው፣ እናንተ ከተሜዎቹ አታውቁትም። ሠርጉ ጠርጎ ስለበላው ባዶውን ነበር። እንደ ሸንበቆ የከሳች ናትና ክዳኑን ቀና አድርጋ ገባች፣ ክዳኑን መልሳ ከራሷ በላይ ከደነች፣ እግሯን ዘረጋች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታውቅም።

ስንት ጊዜ እንደተኛች ሰው አይስማማም። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን የሚሉ አሉ፤ ሳምንት ነው የሚሉም አሉ። አንቺ ሳምንቱን ያዢ፣ እሱ ይሻላል።

ውጭ ያለው ሰው ግን ጠርቶ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ፍለጋ ወጣ። ለዳሱ ቅጠል ልታስቆርጥ ሄዳ የረሳችው ነጠላዋ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከግራር ተንጠልጥሎ ተገኘ። በቃ፣ «ወድቃለች» ተባለ። የሠርጉ ዳስ ሳይፈርስ ለቅሶ ተቀመጡበት። የሠርጉ ጠላም ተርፎ ነበርና ለለቅሶው ሆነ፤ ሲጨፍሩ የነበሩት እነዚያው ሰዎች እዚያው ቦታቸው ላይ ደረታቸውን ይደልቁ ጀመር።

አንጓች የነቃችው በዚህ መሀል ነው። በጎተራው ስንጥቅ ብታይ፣ ወንፊቷን ተውሳ ሳትመልስ የቀረችው፣ በዚሁም የተኳረፈቻት ወርቅያንሱ፣ አስለቃሽ ሆና መሀል ቆማለች፦

«አንጓች የቤት ምሰሶ፣ ምን አስቸኮለሽ፣
ጭልፋው ያለበትን፣ ሳትነግሪን ጥለሽ።»

ሰዉ ዋይ ዋይ ይላል። ቢሻው ደግሞ «ጋቢዬን! ማን ፈልጎ ያለብሰኛል!» እያለ ይንፈራፈራል፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ ታጥቆታል።

ልውጣ አላለችም። እንደሚነገረው፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና መልሳ ጋደም አለች። ጨለማው ለስላሳ ነው፣ የጤፍ ብናኝ ይሸታል፣ አጥንቷ አንድ በአንድ ሲላቀቅ ይሰማታል። የሞተ ሰው ዕቃ አይጠየቅም። ውጭ ሁሉም ስለ እሷ ያወራል፣ ግን ማንም አይፈልጋትም፤ ምንም አልጎደላት፣ ምንም አልቀራት። «ለካ ይሄ ነው» አለች በልቧ፤ «ሙሉ ደስታ የሚሉት ለካ ይሄን ያህል ቅርብ፣ ጓሮዬ ነው።» ዓይኗንም መልሳ ጨፈነች።

ያን ጊዜ ስንዱ ደረሰች። ከባሏ አገር በሩጫ መጥታ ዳሱ መሀል ወደቀች፣ እናቷ የሠራችላትን ሹሩባ ልትላጭ «ምላጭ አምጡ!» አለች። ሹሩባውስ ይሁን፣ ይበቅላል። ቢሻው ግን ተነስቶ፣ «ልጄ፣ በቃ አትመለሺም፤ ይሄን ቤት ካንቺ ሌላ ማን ይይዘዋል?» አላት። ስንዱ አንገቷን ደፋች። «እሺ አባዬ፣ እቀራለሁ።»

ገና እንባዋን ሳትጠርግ ከወጥ ቤት አንዱ፣ «ስንዱ! አንቺ ስንዱ! ጭልፋው የት አለ?» ብሎ ተጣራ።

አንጓች ዓይኗን ገለጠች። ያ ሁሉ ምቾት እንደያዛት ነበር፤ አንድ እንቅልፍ ብቻ፣ አንድ ብቻ ብትጨምር ማንም አያውቅባትም። ግን ያ ጥሪ መንገድ ቀይሮ ልጇ ጋ ሲደርስ ሰማችው።

«ጭልፋው ምድጃው ጀርባ ነው!» ብላ ከጎተራው ውስጥ ጮኸች። «ልጄን ተዉአት!»

የሆነውን ምን ልበልሽ! ዳሱ በአንድ በኩል ተናደ ይባላል። መምሬ አጥናፉ መስቀላቸውን ጥለው አጥር ዘለሉ፤ ወርቅያንሱ ወድቃ «ወንፊቱን እመልሳለሁ! ዛሬውኑ እመልሳለሁ!» እያለች ማለች።

ክዳኑ ተነሳ፣ አንጓች ፀጉሯ ገለባ ለብሶ ብቅ አለች። መምሬ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «አንቺ ሴት፣ ሞት ምን ይመስላል?» አሏት።

«ሞትን አላየሁትም መምሬ፣ ተኝቼ ነው። ለጻድቃን የተዘጋጀው እንደሱ ከሆነ ግን ከነገ ጀምሬ እጾማለሁ።»

ሳቅ ሆነ፣ እልልታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ፣ «የሞተች ተነስታ ዝም አይባልም፣ ይደገስ!» አሉ። ይሄን ብለው ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ፣ ዞረው አንጓችን አዩ።

ስንዱ ወጥ ቤት ገብታ ጭልፋውን ከምድጃው ጀርባ አወጣችና አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠች። እናቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት፤ ከዚያ የጎተራውን ክዳን መልሳ ከደነችባትና ባሏ ጋ ሄደች።

ዛሬም ድረስ በዚያ ቀን አባትየው ጭልፋ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ሴቱ ሁሉ ሆን ብሎ «አባ፣ ጨው የት ነው?» ይለዋል፤ እሱም ያልበዋል። እናትየው ውስጥ ትጋደማለች። ትተኛለች ወይ? እኔ እንጃ ልጄ። አንጓች ራሷ እንደ መጀመሪያው ዳግመኛ አልተኛችም ይባላል፤ ማንም ባይጠራትም ጆሮዋ ስሟን ይጠብቅ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ተጋድሜበታለሁ፣ ልጄን በዳርኩ ማግስት፤ ቀኑን ሙሉ ጣራ ስቆጥር ዋልኩ።

በይ፣ አሁን ደከመኝ፣ ጎኔን ላሳርፍ። ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ፣ ወዮልሽ ብትቀሪ። ካላነሳሁ ደግሞ ድንኳን እንዳታስተክዪብኝ።