ዋስ ያጣች ግመል

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት!» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ! የዛሬው ነገር የበርና የአጥር ነገር ነው፤ የሚያንቀላፋ አልፈልግም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ለራሳቸው ዘርተው ለራሳቸው ሲያጭዱ፣ በአንድ ደጋ አገር ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ መንደር ነበር። ሹሙ አባ ኮርማ ነበር። ሕጋቸውም እንዲህ ይላል፦ ዋስ የሌለው እንግዳ ከአጥሩ አይገባም። «አውቀዋለሁ፤ ቢያጠፋ እኔን ጠይቁኝ» የሚል የመንደሩ ተወላጅ ያስፈልገዋል። አያ ጅቦ በዙሪያው ሲያደባ እየዋለ በሩን ለማንም መክፈት አይቻልማ! ብቻ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ይህን ያሰበ አልነበረም።

በኅዳር ወር አንዲት ግመል ከነግልገሏ ከቆላ መጣች። አንገቷ ላይ የእንጨት ቃጭል ታስሯል፤ ስትራመድ «ቋ… ቋ‑ቋ፣ ቋ… ቋ‑ቋ» ይላል።

«ቤቶች! ቤቶች!» አለች። «የአገሬ ጉድጓድ ደረቀ፣ መንጋዬም ተበተነ። ልጄ ደክማለች፤ አስገቡን።»

«ዋስሽ ማነው?» አለ አባ ኮርማ።

«የሚያውቀኝ ሁሉ እዚያው ቀርቷል፤ ግማሹም ሞቷል።»

«እንግዲያው እኛም አናውቅሽም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

እሜት ፍየል በአጥሩ ቀዳዳ አየቻትና ሳቀች። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ! ይቺ ደግሞ አልጋ ትለን ይሆናል።»

ግመሏ ግልገሏን በሆዷ ከልላ ከአጥሩ ውጭ አደረች፤ እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞረም።

በማግስቱ፣ ከጭነቷ የተረፈቻትን አሞሌ ጨው በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፈች። እንስሳቱ ተሻምተው ላሱት። እሜት ፍየል ጢሟ ላይ የቀረውን እንኳ አልማረችም።

«አሁንስ ልግባ?» አለች ግመሏ።

«ጨውሽን አወቅነው፤ ይጣፍጣል» አለ አባ ኮርማ። «አንቺን ግን አናውቅሽም። ዋስሽ ማነው?»

አያችሁልኝ? ጨው ይገባል፣ ባለቤቷ ውጭ ትቀራለች። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

አመሻሹ ላይ አያ ጅቦ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። ጅብ ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናል። ብቻውን የሚጮህ ከሰማ «ይህ የማንም አይደለም፤ የኔ ነው» ይላል። ግመሏም ይህን ታውቅ ነበርና የግልገሏን አፍ በከንፈሯ እየሸፈነች ዝም አሰኘቻት።

በሦስተኛው ቀን፣ ጤፉ ከአጥሩ ውስጥ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ያለ ወቅቱ ጥቁር ደመና መጣ። እህሉ ሳይበራይ ከዘነበበት የዓመት ቀለብ በሰበሰ ማለት ነው። መንደሩ በደቦ ተጠራራ። በዚያ አገር ያለ ዘፈን አይበራይም። ከበሮ ይመታል፤ እንስሳቱም ክብ ሠርተው በምቱ እየረገጡ እህሉን ከገለባው ይለያሉ። ምት ከሌለ እግር ለእግር ይጠላለፋል።

አህያ ከበሮን በጅራቱ መታው። ከበሮም «ድፍ» አለ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እርጥበቱ ቆዳዬን አላላው!» አለ ከበሮ፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። «ድምፄ ሄደ!»

ያለ ምት ሞከሩት። በሬ ከበሬ ተላተመ፤ እሜት ፍየል ተረግጣ እየጮኸች ወጣች። ደመናው ዝቅ አለ። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን እያየ ይጨቃጨቃል፤ የሚረግጥ ግን የለም።

ይሄኔ ከአጥሩ ውጭ «ቋ… ቋ‑ቋ፣ ቋ… ቋ‑ቋ» የሚል ተሰማ። ግመሏ የራባትን ልጇን ለማባበል ወዲያ ወዲህ ትል ነበር።

«እኔ እንጨት ነኝ!» አለ ቃጭሉ። «እርጥበት አያላላኝም። እኛን አስገቡና እርገጡ!»

«ይሄ ደግሞ ምት ነው?» አለች እሜት ፍየል። «ያነክሳል እኮ!»

«ያንክስ!» አለ ከበሮ። «ሁለት ቀን ስሰማው ውያለሁ። አንዱ ይዘገያል፣ ሁለቱ ይፈጥናሉ፤ በቃ ይኸው ነው።»

አህያ ሳይታወቀው እግሩን ማንሳት ጀምሮ ነበር።

አባ ኮርማ ጨነቀው። «ግመሏ ለሥራው ትግባ» አለ በመጨረሻ። «ግልገሏ ግን ውጭ ትቆይ። ለእሷ ዋስም ሥራም የለንም።»

ግመሏ ልጇን አየች። እህሉ ከበሰበሰ፣ የራበው መንደር ለማንም በር እንደማይከፍት ገባት። ልቧ እየተቆረጠ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

ዞረች፤ ቃጭሉም መታ። መጀመሪያ አህያ፣ ቀጥሎ በሬዎቹ፣ ኋላም እሜት ፍየል ምቱን ያዙት። ዘፈናቸው ተመለሰ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይመልሱለታል። ገለባው በነነ። ግመሏ ግን በበሩ ባለፈች ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቷን ታሰግጋለች።

ድንገት ግልገሏ «እማ‑ኣ!» ብላ ጮኸች። ግመሏ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቃጭሉም ዝም አለ።

«ሂጂ እንጂ! ዝናቡ ደረሰ!» አሏት እንስሳቱ።

«ልጄ ብቻዋን እየጮኸች እግሬ አይሄድልኝም። ክፈቱልኝ።»

«ከከፈትን እኮ አያ ጅቦ ይገባል!» አለ አባ ኮርማ።

አያ ጅቦም ከውጭ ድምፁን አሰማ። «ይቺ የማን ናት? ባለቤት ካላት ይናገር። ከሌላት እራቴ ናት።»

መንደሩ ጭጭ አለ። አባ ኮርማ መሬት መሬቱን አየ። የእግር ኮቴ ሲቀርብ ሁሉም ይሰማል።

ግልገሏ እንደገና «እማ‑ኣ!» አለች።

እሜት ፍየል መለሰችላት! ያንን ሁሉ ስትዘፍን ውላ ጩኸቱ ሲወጣ ዝም ማለት አቃታት፤ ልክ ለዘፈን አውጪ እንደሚመለስ አድርጋ መለሰችላት። አህያ ተከተለ። ከበሮም በላላ ቆዳው «ድፍ‑ድፍ» አለ። ግመሏ እያለቀሰች አንገቷን ነቀነቀች፤ ቃጭሉ መታ። ግልገሏ ትጮሃለች፤ መንደሩ በሙሉ ይመልሳል።

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ፣ መልሶም አጠፈ። «አንዲት ብቸኛ ናት ብዬ ነበር» አለ። «ለካ ወገኗ ይሄ ሁሉ ነው!» ጅራቱን ቆልፎ ወደ ጉድባው አፈገፈገ።

ያኔ አባ ኮርማ እሾሁን በቀንዱ ገፈተረው። ግልገሏ ሮጣ ገብታ እናቷ እግር ሥር ወደቀች። የመጨረሻው ጤፍ ጎተራ ሲገባ ዝናቡ ወረደ።

አባ ኮርማ አፉን ሊከፍት ሲል እሜት ፍየል ቀደመችው። «ዋስ ካልክ እኔ ነኝ። ቢያጠፉ እኔን ጠይቀኝ።»

«ለመሆኑ ታውቂያቸዋለሽ?»

«ዘፈናቸውን አውቃለሁ። የቀረውን ቀስ ብዬ አውቀዋለሁ።»

ግመሏ ግን ለብዙ ጊዜ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትተኛው። ፍርሃት እንደ እንግዳ በአንድ ቀን ተነስቶ አይሄድም።

እኔ ተረቴን ተናገርኩ፤ እናንተ ደግሞ መልሱልኝ፣ አፌንም በትኩስ ቂጣ አብሱልኝ። በዚያ አገር ግን እስከ ዛሬ፣ በር ላይ የቆመ እንግዳ ጥያቄ ሲበዛበት፣ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ «ማነሽ ሲሏት፣ ጅብ በላት።»