የጎታ እንቁላል

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ከተማ፣ ሦስት የእናት ልጆች አንድ አውሬ ነበራቸው። አውሬው ሥጋና ደም ያለው አልነበረም። ሰው በስልኩ አውሬ እያሳደገ ከሌላ ሰው አውሬ ጋር የሚያጋጥምበት ጨዋታ አለ፤ እዚያ ውስጥ የሚኖር ነው። እንዲያ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። ሰው የለፋበትን ይወዳል፤ የወደደውን ሲያጣ ደግሞ ያዝናል።

የልጆቹ ታላቅ ይመር ይባላል፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ተከታይዋ ዘምዘም ልብስ ስፌት ቤት ቅድ ትቀድ ነበር፤ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ጨርቁን ደጋግማ የምታይ ሴት ናት። ታናሻቸው ሐሰን ባጃጅ ይነዳል፤ ሌላው ልለፍ ወይስ ልቁም ብሎ ሲያመነታ እሱ አልፎ ሄዷል።

አውሬውን ያገኘው ይመር ነው። ያን ጊዜ እናታቸው ወይዘሮ አንሻ ታመው አልጋ ይዘው ነበር። ይመር ከፈረቃ ሲመለስ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። በጨዋታው ሰው ሁሉ የሚመኘው ፈጣን ጭልፊት ወይም እሳት የሚተፋ ዘንዶ ነው። ለይመር የደረሰው እንቁላል ሲፈለፈል ግን ከጭቃ የተበጀ የሚመስል፣ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ አጭር፣ ከሁሉም ዘገምተኛ የሆነ ፍጥረት ወጣ። ሊለቀው ሲል እናቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው? ጎታ ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ።

ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቶ አያውቅም። የእህሉ ጎታ የአውሬው ስም ሆኖ ቀረ፤ ይመርም ሳይለቀው ቀረ። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ልጃቸው ሲገባ ስለ ፋብሪካው መጠየቅ ትተው ስለ ጎታ ይጠይቁት ጀመር፤ በልቷል ወይ፣ ዛሬስ ማን መታው፣ አሸነፈ ወይ። አያሸንፍም ነበር። ቢሆንም ይመር አሳደገው። አውሬ በተለማመደ ቁጥር ጉልበት ወይም ፍጥነት ወይም ጤና ይጨመርለታል፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ይመር ያገኘውን ሁሉ ጤናውና ቆዳው ላይ አዋለው። የማይሮጥና የማይመታ አውሬ ለምን ይሆናል እያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁበት። እናቱ ከሞቱም በኋላ አላቋረጠም። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከእናቱ ጋር ሲያወራበት ከነበረው ነገር በእጁ የቀረው ጎታ ብቻ ነበር።

ዘዴውን ያበጀችው ደግሞ ዘምዘም ናት።

ደሴ ላይ ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ሰው የሚያሰልፈው አንድ አውሬ ብቻ ነው፤ አውሬውም አራት ችሎታ ብቻ ይይዛል፤ የያዛቸው ችሎታዎች ከግጥሚያው በፊት በትልቅ ስክሪን ለሁሉም ይታያሉ። ሽልማቱ ከራሱ ከአሸናፊው አውሬ ዘር የሚፈለፈል አንድ እንቁላል ነው። እንቁላሉ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ በኋላ ወደ ሌላ ሰው አይዞርም።

እንደ ጎታ ያለ አውሬ ያላቸው ሰዎች እንደ ግድግዳ አቁመውት ተጋጣሚያቸው እስኪሰለች ይጠብቁ ነበር፤ ይሸነፉም ነበር። ዘምዘም ነገሩን እንደ ጨርቅ ዘርግታ አየችው። ጎታ መዋጥ የሚባል ችሎታ አለው፤ የተመታውን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያጠራቅማል። መትፋት ሲታዘዝ ያጠራቀመውን በአንዴ መቺው ላይ ይመልሳል። መተኛት ሲታዘዝ ቁስሉ ይሽርለታል። በእነዚህ በሦስቱ ተጋጣሚን መላ ማሳጣት እንደሚቻል ገባት። አጥብቆ ከመታ የገዛ ዱላው ይመለስበታል። በቀስታ ከመታ ጎታ ተኝቶ ይድናል፤ የመቺው ትንፋሽ ግን እያለቀ ይሄዳል፤ ትንፋሹ ያለቀ አውሬ ደግሞ ተሸናፊ ነው።

አንድ ቀዳዳ ቀረ። ጎታ ከተፋ በኋላ ሆዱ ባዶ ነው። ያኔ ተጠግቶ ባለ በሌለ ኃይሉ የመታው ይጥለዋል። ዘምዘም ይህን ቀዳዳ ለመድፈን አራተኛውን ችሎታ፣ ጭቃ መወርወርን፣ አወጣችና በቦታው ስንጥቅ የሚባለውን አስገባች። ስንጥቅ አውሬው ራሱን የሚሰብርበት ነው። አጠገቡ ያለውን ቀድሞ ይጥላል፤ የተሰነጠቀው አውሬ ግን ከዚያ ወዲያ አይመለስም፤ ያደገበት ጊዜ ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ማንም አያስይዘውም። ዘምዘምም ያስያዘችው ለማስፈራሪያ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ስንጥቅን ያየ ሰው ጎታን መጠጋት ይፈራል።

ይመር ፈረቃ ስለነበረበት ስልኩን ለሁለቱ ሰጥቶ፣ ጎታን አደራ ብሏቸው ወደ ሥራው ሄደ። ዘምዘም ስለ ስንጥቅ አልነገረችውም። ቢሰማ እንደሚከለክላት ታውቃለች። ከውድድሩ በኋላ ጭቃ መወርወርን መልሳ ታስገባለች፤ እሱም ሳያውቅ ያልፋል፤ ሐሳቧ ይኼ ነበር።

የሚጫወተው ሐሰን ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደፋር ስለሆነ። ወደ ደሴ ሲወጡ ዘምዘም ሁሉንም እያፍታታች አስረዳችው፤ ስንጥቅን እንዳይነካትም አስጠነቀቀችው። ሐሰን ጥቂት አሰበና፣ ለማሳያ ብቻ መሆኗን ሰዎቹ ቢያውቁብን ምን ይሆናል ሲል ጠየቃት።

«እንደማንጠቀምባት ካወቁማ ምንም አትረባም» አለችው ዘምዘም። «ስለዚህ አንተ እንደሚጠቀም ሰው ሁን።»

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በልቧ እንዳመላለሰችው እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

ሐሰን ያን ቀን የተጫወተውን ያየ ሁሉ መስክሮለታል። ዘገምተኛውን ጎታ ተጋጣሚው ላይ እየነዳ ያስጠጋዋል፤ አሁን ተሰነጠቀ ሲባል ያቆመዋል። ፈሪዎቹ ሸሹ፤ ሲሸሹ ትንፋሻቸው አለቀ። ቁጡዎቹ አጥብቀው መቱ፤ ዱላቸው ተመለሰባቸው። አዳራሹ መጀመሪያ በጎታ ሆድ እየሳቀ ነበር፤ ኋላ ግን ስሙን እየጠራ ያጨበጭብ ጀመር። ዘምዘም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያሰበችው ነገር በሰው ፊት ሲሠራ እያየች፣ ደስታዋን አምቃ መያዝ ከበዳት።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ይመርም ፈረቃ ተቀያይሮ ደረሰ። ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆሞ፣ አጠገቡ ላለው ለማያውቀው ሰው አውሬውን ያሳደገው እሱ መሆኑን ሲነግረው ዘምዘም ከሩቅ አየችው። ለሰው እንዲያ ሲያወራ አይታው አታውቅም። ወዲያው የችሎታዎቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ መዋጥ፣ መትፋት፣ መተኛት፣ ስንጥቅ። ይመር ወሬውን አቆመ። ስክሪኑን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። ዘምዘም አቀረቀረች።

የመጨረሻው ተጋጣሚ መካሻ የሚባል የደሴ ልጅ ነው፤ አውሬው ጭልፊት። መካሻ የቀደሙትን ግጥሚያዎች ሁሉ ተቀምጦ አይቷል። አልቸኮለም፤ ጭልፊቱ እየመጣ ነካ እያደረገ ይመለሳል። ጎታም ዋጠ፣ ተኛ፣ ዋጠ። በመጨረሻ ሐሰን አስተፋው። ጭልፊቱ ክፉኛ ቆሰለ፤ አልወደቀም እንጂ። የጎታ ሆድ አሁን ባዶ ነው። መካሻ ቀና ብሎ ሐሰንን አየውና ፈገግ አለ፤ እንዲህ የተደከመበትን አውሬ ማንም አይሰብረውም ብሎ ቆርጧል። ጭልፊቱን አስጠግቶ ክንፉን አሰበሰበው። የሚቀጥለው ምት የመጨረሻ ኃይሉ ነው።

ተራው የሐሰን ሆነ። ማስተኛት ይችላል፤ ጎታ ተኝቶ ትንሽ ካገገመ ምቱን ሊችለው ይችላል፣ ላይችለውም ይችላል። እንዲህ ያለ ምት አንዳንዴ ሙሉ ያርፋል፣ አንዳንዴ ይስታል። ከቻለው ጭልፊቱ ትንፋሽ የለውም፤ አለቀለት። ካልቻለው ሁሉም ነገር ቀረ፤ ጎታ ግን ተሸንፎም ቢሆን ቤቱ ይመለሳል። ዘምዘም በልቧ አስተኛው፣ አስተኛው ትላለች። ከኋላ መናገር ክልክል ነው።

ሐሰን ስንጥቅን ነካ።

የጎታ ሆድ ላይ ቀጭን መስመር ታየ፤ መስመሩ ሰፋ፤ ከዚያ ጭቃው ፈረሰ። ጭልፊቱ ቀድሞ ወደቀ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሐሰን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲዞር የወንድሙን ፊት አየና እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ስክሪኑ ላይ የጎታ ስም ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ሦስቱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«እኔ አደራ ነበር ያልኳችሁ» አለ ይመር።

ሐሰን፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ እንደነበር፣ አስተኝቶት ጎታ ቢወድቅ ኖሮ ያን ጊዜም የሚወቀሰው እሱ እንደሚሆን ተናገረ። ዘምዘም ስንጥቅን አትንካት ብላው እንደነበር አስታወሰችው።

«እንደሚጠቀም ሰው ሁን ያልሽኝ ማን ነው እታለም?» አላት። «እንደሚጠቀም ሰው ሆንኩ።»

ዘምዘም ጥፋቱ ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ስለተሰማት ይሆናል፣ ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞረች።

«ዝርዝሩን አይተኸው ነበር አይደል? ከመጀመሩ በፊት ስልኩ የእኔ ነው ብትል ያስቆሙልህ ነበር። ለምን ዝም አልክ ጋሼ?»

ይመር ፊቱን በመስኮቱ ወደ ገደሉ አዞረ።

«ማሸነፍ እኔም ፈልጌ ነበር» አለ።

እንግዲህ እንቁላሉ መጣ። በመጀመሪያው ሰሞን ሦስቱም ለእኔ ይገባል አሉ።

ይመር፣ ዘር የሚገኘው ካሳደጉት ነው አለ። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ያን ቆዳ ያበጀ እሱ ነው፤ ቆዳው ባይኖር የዘምዘም ዘዴ በመጀመሪያው ግጥሚያ በፈረሰ፣ የሐሰን ድፍረትም ቦታ ባላገኘ ነበር። ያጣውም እሱ ነው፤ ለሌሎቹ የጠፋው አውሬ ነው፣ ለእሱ ግን የእናቱ ሳቅ ጭምር ነው።

ሐሰን፣ እንቁላሉ የድል እንጂ የማሳደግ ሽልማት አይደለም አለ። ጎታ ለዓመታት በይመር እጅ ነበር፤ አንድም ቀን አላሸነፈም። ዘዴው በዘምዘም አፍ ነበር፤ የመጨረሻዋ ቅጽበት ስትመጣ ግን ዘዴው ዕድልህን ሞክር ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። የቆረጠው እሱ ነው። ቆርጦ ባይሆን ዛሬ የሚከራከሩበት እንቁላል አይኖርም ነበር።

ዘምዘም ያለችው አጭር ነው። ጎታ ጎታ የሆነው የሚውጠውን መልሶ መትፋት ሲማር ነው፤ ያንን ያስተማረው ማን ነው? ይህን ብላ ግን ቀጥላ መከራከር አልቻለችም። ሥራ ቦታ ጨርቅ ላይ በኖራ ምልክት እያደረገች ያን የመጨረሻ ምት ደጋግማ አሰላችው። አንዳንዴ ቢተኛ ኖሮ ይተርፍ ነበር የሚል ይወጣላታል፤ አንዳንዴ አይተርፍም። ያላመነታችበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ስንጥቅን ባታስገባው ኖሮ ሐሰን የሚነካው ነገር አልነበረም። ባታስገባው ኖሮ ግን እስከ መጨረሻው ግጥሚያም አይደርሱም ነበር። መቀሱን ይዛ ጨርቁን ሳትቀድ የምትቆምበት ጊዜ በዛ፤ ባለ ስፌት ቤቷም አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት።

ከሰሞኑ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ይመር አልፈልገውም፣ ሌላ ጎታ ማሳደግ ጉልበት የለኝም አለ። ሐሰንም፣ ወንድሙ ሲገባ ስልኩን ኪሱ መክተት የለመደው ሐሰን፣ ለጋሼ ይሁን አለ። ዘምዘም ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ይሁን ብላ ሸሸች። ግን ሐሰን አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ማንም ካልወሰደው እኔ ልመዝግበው እንዴ ብሎ በዝግታ ሲጠይቅ፣ ይመር እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ ተነሣ። ያን ቀን ምሳው ሳይበላ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም ሦስቱ አብረው በልተው አያውቁም።

እንቁላሉ ለሁለት አይከፈልም። በአንድ ስም ካልተመዘገበ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ይበላሻል፤ የጎታ ዘር ያን ጊዜ ፈጽሞ ያልቃል።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ከእንግዲህ ያለው የእናንተ ነው። አንዱ አሳድጎ፣ አደጋውን በዓይኑ እያየ ዝም አለ። አንዷ መላውን አበጅታ፣ መሰበሪያውንም አብራ አስገባች። አንዱ አሸንፎ፣ ያሸነፈበትን ሰበረ። ከሦስቱ ማንም ቢጎድል ድሉ አልነበረም፤ ከሦስቱ ማንም እጁን ቢሰበስብ ጎታ ዛሬም ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ እንቁላሉ በማን ስም ይፈልፈል?