በረኛዋ አህዪትና የደረበችው ቆዳ

አንድ ጊዜ፣ ብርዱ እንደ ዛሬው ሳይለግም ውሃን ድንጋይ ያደርግ በነበረበት ዘመን፣ ከአስታው ጫካ በላይ ጅባራ ብቻ በሚበቅልበት አምባ ላይ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ነበረች። ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ሲመታት ያድርና ጠዋት ገጿ ሁሉ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ፀሐይ ከፍ ብላ እስክታለሰልሰው ድረስ ዝሆን ቢቆምበት አይሰበርም ይባል ነበር። እርግጥ ዝሆን እዚያ ድረስ ወጥቶ አያውቅም።

አራዊቱ ይህን አይተው የገና ጨዋታቸውን ከመስክ ወደ በረዶው አዛወሩት። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው፣ ከወይራ ሥር የተጠረበች ሩር እየመቱ፣ የላይ አምባና የታች ሸለቆ ተባብለው በሁለት ወገን ይጫወታሉ። ግብ ማለት ሁለት ድንጋይ ነው። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የሚቆመው በረኛ ይባላል። የላይ አምባ በረኛ አህዪት ነበረች።

በረኛ የሆነችው ጎበዝ ስለነበረች አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እየተጠራራ ወደ መሀል ሲሮጥ እሷን የጠራት አልነበረምና ድንጋዩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ቆማ ስትገኝ ጊዜ «በረኛችን» አሏት። ስሙን ወደደችው። ከዚያ በፊት «ያቺ» ነበር የሚሏት።

ይሁን እንጂ በረኝነት የብቻ ሥራ ነው። ጓደኞቿ ከሐይቁ ማዶ ግብ ሲያገቡ ተቃቅፈው ይዘላሉ። አህዪት ከዚህ ጫፍ ተነሥታ፣ ሰኮናዋ እያንሸራተታት እስክትደርስ እነሱ ደስታቸውን ጨርሰው፣ «ምነው በሩን ጥለሽ መጣሽ?» ይሏታል። ሲገባባት ግን አንድም የሚቀር የለም። ያን ያህል ጓደኛ በአንድ ጊዜ ከብቧት የሚቆመው ሊቆጣት ብቻ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አንዳንድ ቀን እሱም አይቅርብኝ ትል ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አንዲት ክፉ ሩር መጥታ የግራ ቅልጥሟን መታቻት። ቁስሉ በሳምንቱ ሻረ፤ ፍርሃቱ ግን አልሻረም። ከዚያ ወዲህ ሩር ወደ እሷ ስትመጣ ባየች ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ታዞር ጀመር። እንዲህ ያለ በረኛ ካለው የሌለው ይሻላል፤ ከሌለ ቢያንስ ሌላው ይጠነቀቃል።

የላይ አምባ አለቃ አንበሳ ነበርና አንድ ቀን ጠራት።

«አህዪት፣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።»

«ቅልጥሜን እየፈራሁ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው መከላከያ አበጂለታ! እንዴት እንደሚበጅ እኔን አትጠይቂኝ። የገና ዕለት ጨዋታው እስከ ሦስት ነው። ሦስተኛዋ ከገባችብሽ በሩን ለከርከሮ እሰጠዋለሁ።»

ይህን ብሎ ጎፈሩን አራግፎ ሄደ። ለአንበሳ ነገሩ የአንድ በረኛ ጉዳይ ነበር። ለአህዪት ግን በሩን ማጣት ማለት ተመልሶ «ያቺ» መሆን ነው፤ ሲቆጡ እንኳ አጠገቧ የሚቆም ማጣት ነው። ወደ ማደሪያዋ አዘገመች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጅባራ ሥር ተቀምጣ ደረቅ ሣርና የዛፍ ልጥ ከፊቷ ከመረች። ሣሩን ቅልጥሟ ላይ ታደርገዋለች፣ ይወድቃል። ልጡን ትጠመጥመዋለች፣ ይፈታል። እንዲህ ስትታገል አንድ ድምፅ ሰማች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ?»

አህዪት ሰላምታው ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። የመጣው ቀበሮ ነበር፤ የታች ሸለቆ ዋና አጥቂ፣ ከእሱ የበለጠ ግብ ያገባባት የለም።

«ደኅና፣ ጋሼ ቀበሮ» አለች እየተጠራጠረች። «የእኛ ወገን አይደሉም እኮ።»

«ጨዋታ ሌላ፣ ጉርብትና ሌላ!» አለ ቀበሮ እየተቀመጠ። «ደግሞስ መቺው እኔ አይደለሁ? የት የት እንደሚያም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አምጪው እስቲ እግርሽን።»

እርግጥ ቀበሮ የመጣው የትኛው ጎኗ ደካማ እንደሆነ ሰልሎ ለመሄድ ነበር። ግን እጁ ሥራ ያውቃልና፣ ሥራ ሲያይ ደግሞ አያስችለውምና፣ ልጡን በቀጭን በቀጭኑ ሰነጠቀ፣ ሣሩን አለስልሶ ከውስጥ አደረገ፣ ጉልበቷ የሚታጠፍበትን ክፍት ትቶ ከላይና ከታች አሰረላት።

«በይ ተንበርከኪ። ተነሺ። ወደ ጎን ዝለዪ።»

ተንበረከከች፣ ተነሣች፣ ዘለለች። መከላከያው አብሯት ይሄዳል እንጂ አይጎትታትም። ቀበሮ ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት ድንጋይ ቅልጥሟ ላይ ወረወረ። ዷ! ብላ ነጥራ ወደቀች። አህዪት ዓይኗን አልጨፈነችም። ሥራው እዚያው አለቀ፤ ለዚያች አህያና ለዚያ በር ከዚህ የተሻለ መከላከያ አይገኝም ነበር።

«እንግዲህ ጨረስን» አለ ቀበሮ ትቢያውን እያራገፈ።

አህዪት ደነገጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ «ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ምን በልተሽ ዋልሽ?» እያለ ሲያጫውታት ነበር። እሱ ሲሄድ ከጅባራው በቀር ማንም እንደማይቀር አየች።

«ደረቴስ?» አለች ሳታስበው።

ቀበሮ ዞር ብሎ አያት። እነዚያ ዓይኖቹ ጠበቡ። ደካማው ጎኗ የቱ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ገባው።

«እውነትሽን ነው፣ ደረትሽ!» አለ። «እሱን ነገ እናበጀዋለን።»

በማግሥቱ ገደል ከገባ በሬ የተገፈፈ ጥሬ ቆዳ ጎትቶ መጣ። ጮማው እንኳ በቅጡ አልተነሣለትም። ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ደረቷ ላይ ሰፋላት። አህዪት ለመንበርከክ ሞከረች፣ አቃታት። መክበዱን ያን ጊዜውኑ አውቃለች።

«እንዴት ነው? ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ ጋሼ» አለች። ቀጥላም «ትከሻዬ ላይ ግን ትንሽ የሚጎድል አይመስልዎትም?»

ቀበሮም ትከሻዋ ላይ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን አንገቷን፣ በአራተኛው ጎኗን፣ በአምስተኛው ደግሞ ያንን የልጡን መከላከያ እንኳ ሳይቀር በቆዳ ሸፈነባት። እሷም በየቀኑ የሚጎድል ትፈልጋለች፤ እሱም በየቀኑ አለ ይላታል። ከሰዓት በኋላው እስኪደርስ ሣሩ አይበላላት፣ ውሃው አይጠጣላት። ከሩቅ ጆሮዎቹን ስታይ ልቧ ትዘላለች። ከላይ አምባ ወገን በእነዚያ ቀናት ብቅ ያለ ማንም የለም፤ የራሷን ነገር ራሷ ታውቃለች ብለው ትተዋታል።

በዋዜማው ቀበሮ ጭንቅላቷን ሸፈነና ሁለት ቀዳዳ አበጀ።

«ይታይሻል?»

«አዎን፣ በደንብ!» አለች። የሚታያት የቀበሮ አፍንጫ ብቻ ነበር። ለእሷ ግን እሱ በቂ ነበር።

የገና ዕለት ሲነጋ ቆዳው በውርጭ ደርቆ ሳንቃ ሆኖ ነበር። አህዪት አንዱን እግሯን ለማንሣት ሌላውን እያስፈቀደች በሩ ላይ ደረሰች። ከፊቷ የሚከላከለው ጅብ ሲያያት ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«በስመ አብ! ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ በሬ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ጅቦ።»

«አንቺ ነሽ? ወፍረሻል ልበል?»

አንበሳ በሩ በግማሽ ተዘግቶ ሲያይ ደስ አለው። መጀመሪያ ላይ እውነትም ሠራ። ሁለት ሩሮች መጥተው ደረቷን እየመቱ ነጠሩ። ጓደኞቿ ከሩቅ «አበጀሽ!» ብለው ጮኹላት። አህዪት ግን ጆሮዋ ተሸፍኗልና አልሰማችም። ያን ያህል ዘመን የተመኘችው ሙገሳ ቆዳው ላይ ነጥሮ ተመለሰ።

ከዚያ ቀበሮ ሩርን በግራ ጎኗ በኩል ሰደዳት። መንበርከክ የማይችል በረኛ እግሩ ሥር ያለችውን አያድንም፤ አንድ ገባ። ላይ አምባም ሮጦ አንድ መለሰ።

ፀሐይ ወጣች። ቆዳው ይለሰልስ፣ ጮማውም ይሸት ጀመር። ጅብ ጨዋታውን ትቶ አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ። ሩር በስተቀኙ አለፈች፣ አላያትም። በስተግራው አለፈች፣ አላያትም። ዞሮ አህዪትን ትክ ብሎ አያት።

«አህዪት፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል» አለ ምራቁን እየዋጠ፣ «ይሄን የትከሻሽን ትፈልጊዋለሽ?»

መልስ አልጠበቀም። የትከሻዋን ቆዳ ቦጨቀ፣ የደረቷን ገሸለጠ፣ የአንገቱን በጥርሱ ይዞ ጎተተ። እሱ ሲያመነዥክ ሁለተኛዋ ገባች። አንበሳ በብስጭት በራሱ ሮጦ ሁለት ለሁለት አደረገው። ጅብ ደግሞ የጭንቅላቱንና የእግሩን ቆዳ ውጦ ሲጨርስ የቀረው ልጥና ሣር ነበርና «እሱን የሚበላ ይብላው» ብሎ አፉን እየላሰ ፈቀቅ አለ።

አህዪት ቀለላት። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ታያት። ሩርን ከፊቱ እየነዳ፣ ብቻውን፣ በቀጥታ ወደ እሷ የሚመጣ አንድ አጥቂ አየች። ቀበሮ ነበር። ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ታጠፈ። ዓይኗን ሩር ላይ ተከለች፤ አልጨፈነችም።

ቀበሮም ይህን አየ፤ ሩር እንደማታልፍለትም ገባው። ሩጫውን ቀነስ አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣

«እህቴ፣ ነገ ከሰዓት መጥቼ አዲስ እናበጃለን» አላት።

አህዪት ዓይኗን ከሩር ላይ አንሥታ ፊቱን አየች። ደስ አላት። ሩር በእግሮቿ መካከል አልፋ ገባች።

የታች ሸለቆዎች እየጨፈሩ ወረዱ። ቀበሮም አብሯቸው ወረደ፤ ዘወር ብሎ እንኳ አላያትም። የላይ አምባዎች እንደ ልማዳቸው ሊቆጧት ተሰበሰቡና ከበቧት። ነገር ግን የዚያ አገር ደንብ ጥብቅ ነው፤ በገና ዕለት በጨዋታ ምክንያት መቆጣት ለጌታም አይፈቀድም። አንበሳ ቁጣውን ዋጠ። ማገሣት ስላልቻለ ከበረዶው ላይ ተቀመጠ፤ ማድረግ የቀረው መጠየቅ ብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ቀበሮ «አዲስ እናበጃለን» ሲላት ሰምቷልና ቆዳው የማን ሥራ እንደሆነ ገብቶታል።

«ያ ሁሉ ቆዳ እንደከበደሽ መቼ አወቅሽ?»

«በሁለተኛው ቀን፣ ጌታዬ።»

«በሁለተኛው ቀን! ታዲያ በቃኝ አትይውም ነበር? ለምን ዝም አልሽ?»

አህዪት ወደ በረዶው አየች።

«በቃኝ ካልኩት በሦስተኛው ቀን አይመጣማ» አለች።

ከርከሮ አቀረቀረ። ከጥርሱ ላይ የቆዳ ቁራጭ የተንጠለጠለበት ጅብ ግራ ገብቶት አንዴ አንበሳን አንዴ አህዪትን አየ።

«እኔ እኮ ከሰዓት ከሰዓት ሥራ የለኝም» አለ። «መምጣት እችል ነበር። ማን ነገረኝ?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም መሄድ ፈልገው ነበር፤ ቀድሞ መሄድን ግን እያንዳንዱ አፈረ። አጠገቧ መቀመጥም አማራቸው፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ቆመው ሳሉ ፀሐይዋ ከረረችና በረዶው ከእግራቸው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ሁሉም ተደናግጠው እየተንሸራተቱ ሁልጊዜ ወደሚወጡበት የማዶው ዳር ሮጡ። አህዪት ለእሷ ወደሚቀርባት ዳር ወጣች፤ እዚያ ማንም አልነበረም። በረዶው ተሰነጣጥቆ በመካከላቸው ውሃ ሆነ፤ እነሱም ከወዲያ ሆነው አይዋት፣ እሷም ከወዲህ ሆና አየቻቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ብቸኛ የሆነ ከልኩ በላይ የሚሸከመው ሸክሙን ወድዶ ሳይሆን ሸክሙን ይዞ የሚመጣለትን ናፍቆ ነውና፣ «ለምን ዝም አልሽ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «እኛስ መቼ ሄደን ጠየቅናት?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።