በር የሌለው ቤት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ደርሶ ሳለ፣ አያ አንበሶ ላረገዘች ሚስቱ የድንጋይ ቤት ሊያሠራ ተነሣ። አህያ ድንጋይ እንድታመላልስ፣ ጦጣ ግድግዳውንና ጣሪያውን እንድትሠራ ታዘዙ። ሠራተኞቹን የሚመራው ካቦ ደግሞ ጅብ ሆነ። ጅብ! ከዱሩ አራዊት ሁሉ ተመርጦ ጅብ!

«ዝናቡ ሳይጥል ካስጨረስክ የበሬ ሽንጥ አለህ» አለው አንበሳ። «ካልሆነ ካቦነቱ ይቀርብሃል። ደግሞም ሥራው እስኪያልቅ ሠራተኛ መብላት ክልክል ነው።»

ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ነው ይባላል። ይሄኛው ግን በሚያውቁት መካከል፣ ያውም በቤቱ መሠረት መሃል አስነጠፈ። እዚያ ተጋድሞ አጥንት እየቆረጠመ ይጮህ ጀመር።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ?» አለች አህያ ድንጋይ ተሸክማ ስትደርስ።

«አደርኩ አላደርኩ ምን አገባሽ! አንቺ ጆሮ ብቻ! አንቺስ ጦጢት፣ ምን ያንጠለጥልሻል? ውረጂ! ማን ውረጂ አለሽ? ውጪ!»

ሥራ ሳይኖረው አጠገቡ የተቀመጠ ቀበሮ «ልክ ነዎት ካቦ! እነዚህ ካልተሰደቡ አይሠሩም» ይለዋል። በልቡ ግን ካቦነቱን ለራሱ ይመኝ ነበር።

ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ለጅብ ጥላው እየተመቸው ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙሪያው አልቆ አንዲት ክፍተት ብቻ ቀረች። አህያ በክፍተቷ አንገቷን አስገብታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይቺ ክፍተት እኮ...»

«ምን? ክፍተት? እኔ በምመራው ሥራ ላይ ክፍተት? ዝጊያት!»

«እሱማ እዘጋለሁ፤ ግን በሩ...»

«ማን ምክር ጠየቀሽ! ካሁን ወዲያ ቃል ብትተነፍሺ ቤቱ ሲያልቅ እንገናኛለን!»

ነገሩ ቶሎ የገባው ቀበሮ ሹልክ ብሎ ወጣ። አህያ ተከትላው «ኧረ ምን ይሻላል?» ብትለው «ካቦው ዝጊ ካሉ መዝጋት ነው እንጂ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

ዘጋቻት። ምን ታድርግ? ጦጣም ጣሪያውን ከደነች።

ውስጡ ድቅድቅ ብሎ ሲጨልም ጅብ ቀና አለ። አሁን ማንም ቢሆን «በሩ የት አለ?» ብሎ አይጠይቅም? እሱ እቴ! «መሸ ማለት ነው» ብሎ ተኛ።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ አንበሲትም ምጥ ያዛት። አንበሳ ሚስቱን ደግፎ መጣና ቤቱን ዞረው። ደግሞ ዞረው። በር የለም። ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግድግዳውን ደበደበ።

«ክፈቱ!»

ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ማነህ አንተ ደንቆሮ፣ በሌሊት የምትጮህ? ሥራ አልቋል! ነገ ና!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ጦጣ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ።

«እመት አህያ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት። ደክሞሻል፣ አውቃለሁ፤ እባክሽ ድረሽልኝ።»

እንዲህ ብሎ ያናገራት አልነበረም። ዘላ በኋላ እግሯ ግድግዳውን ነረተችው፤ ጭቃው ገና ስላልደረቀ ድንጋዩ ተናደ። ጦጣም የቀረውን በእጇ እየናደች በር አወጣችለት። ጅብ ዓይኑን እያሸ ብቅ አለ።

«ነጋ እንዴ?»

አንበሲት በአጠገቡ አልፋ ገባች። አንበሳ ግን እዚያው ቆሞ «ቤቱ በር እንደሌለው የነገረህ የለም?» አለው።

«አንድም! ሁሉም ተመሳጥረውብኛል!»

«ጀምሬ ነበር ጌታዬ፤ ማን ያስጨርሰኝ?» አለች አህያ።

ቀበሮም ፈጠን ብሎ «እኔማ ገና ድሮ ታይቶኝ ነበር» አለ።

«ታይቶህ ነው ዝም ያልከው?» አለው አንበሳ።

ጅብ አንበሳ እግር ላይ ወደቀ። «ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎ መሆንዎን ባውቅ እንዲያ እናገር ነበር?»

«እኔ መሆኔን ብታውቅማ ትለሳለስ ነበር። ዛሬ የሰማሁት ሌላውን እንዴት እንደምታናግር ነው። ሽንጡም ካቦነቱም ቀርቶብሃል፤ ሂድ!»

ከዚህ የምንማረው፣ አብረውት የሚሠሩትን የማያከብር አለቃ እውነቱን የሚነግረው አጥቶ በገዛ ትእዛዙ ተዘግቶበት እንደሚቀር ነው።