ጓንጉል የጎረቤት ፍትፍት የበላ ዕለት

እንግዳ ገበታ ላይ ቀርቦ፣ የቤቲቱ እመቤት «ምንም እኮ የለም፤ እንዲያው አፋችሁን አብሱ ብዬ ነው» እያለች ስትሽኮረመም፣ ከተቀመጡት አንዱ ፈገግ ብሎ የሚመልስላት አንዲት አጭር አባባል አለች። ሁላችንም ብለናታል። በሁሉ አፍ ላይ ስላለች እንዲሁ ከምላስ የበቀለች ትመስለናለች እንጂ፣ እሷም የተወለደችበት ቤት አላት። የዓባይ ዳር ሽማግሌዎች ሲያወጉ ነገሩ እንዲህ ነበር ይላሉ።

ጊዜው እንግዳ ሳይልክ የሚመጣበት፣ ባለቤትም «ምነው ሳትልክ መጣህ?» የማይልበት ያ ደግ ዘመን ነው። ዓባይን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ ሁሉ፣ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ዝግባ አፋፍ በምትባል መንደር አጠገብ ጭነቱን አራግፎ በቅሎዎቹን ያሳርፍ ነበር። የበቅሎዎቹ ቃጭል ሲሰማ መንደርተኛው የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ ደጅ ይወጣል። የጠፋ ዘመድ ወሬም፣ የኮረሪማ ሽታም የሚመጣው ከዚያው ጓዝ ጋር ነውና።

በዚያች መንደር የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። በወጥ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም። ለሠርግም ሆነ ለተዝካር፣ ትልቁ ድስት የሚጣደው እሷ ስትመጣ ብቻ ነው። ዶሮ ስትበልት ብልቱ በገዛ ፈቃዱ የሚለያይ ይመስላል፤ ቁሌት ስታቁላላ ሽንኩርቱ እንደ ማር እስኪሆን ድረስ ከምድጃው ፊት ንቅንቅ አትልም። ታዲያ ሰው እጇን ያደንቅላት እንጂ ድስት ከጣደች በኋላ አጠገቧ ድርሽ የሚል የለም። ግንባሯ ይቋጠራል፣ አንደበቷ ያጥራል፤ ባሏ እንኳ «የውብዳር ወጥ ጣደች» ከተባለ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውጭ ነው።

እናቷ የሞተችው ታናሽ ወንድሟ ጓንጉል ጡት ሳይጥል ነው። የውብዳር ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች። ሕፃኑን አዝላ፣ እህሉን በራሷ ጥርስ አላምጣ እያጎረሰች አሳደገችው። ጎልምሶ ክንዱ ሲጠና ግን የነጋዴ ጓዝ ተከትሎ ዓባይን ተሻገረ፤ በዚያው ቀረ። አልፎ አልፎ «ወንድምሽ ደኅና ነው፤ ሌቃ ገበያ አየነው» የሚል መንገደኛ ይመጣል እንጂ፣ እሱ ራሱ ሳይመጣ ብዙ ክረምት አለፈ።

አንድ የበጋ ማለዳ፣ ባሏ ለእርሻ ቆላ ወርዶ ሳለ፣ የውብዳር ጓሮ ገብታ ጎመን ስትቀነጥስ ከኋላዋ «እታለም!» የሚል ድምፅ ሰማች። እንዲህ ብሎ የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

«ጓንጉል! ወንድም ዓለም! እውን አንተ ነህ?» አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጢሙን ዳሰሰችው፤ ስትለየው ጢም አልነበረውም።

«እኔው ነኝ እታለም። ጓዛችን አፋፉ ላይ አርፏል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንወርዳለን። አንቺን ሳላይ እንዳልሻገር ብዬ ነው የመጣሁት፤ ደግሞም አንድ የማማክርሽ...»

«ዛሬውኑ ልትሄድ?» አለች ደረቷን ይዛ። ወዲያው ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችና፣ «እንግዲያስ ቁጭ በል! ስንት ዘመን ጠብቄ ያገኘሁትን ወንድሜን ጎመን አብልቼ ልሸኝ ነው? አገሩ ምን ይለኛል! ያንን አውራ ዶሮ ይዘህ እረድልኝ» አለችው።

«እታለም፣ ተይው ግድ የለም። ያለውን እንብላና እናውጋ።»

«እናወጋለን! መጀመሪያ ዶሮው ይታረድ።»

ታረደ። የውብዳር ማጀት ገባች። ሽንኩርቱን ልጣ ከተፈች፣ እሳቱን አያያዘች። በልቧ የምትለው ሌላ ነው፤ «አፌ አይችልበትም፤ ይህን ወጥ ሲጎርስ ግን የዚያን ሁሉ ዘመን ናፍቆቴን ይቀምሰዋል» ትላለች። እንጨቱ ግን ጤዛ መቶት ኖሮ እምቢ አለ፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። እፍ ትላለች፣ ታስላለች፣ እንጨቱን ትራገማለች።

ጓንጉል በማጀቱ በር ብቅ አለ። «እታለም፣ ያ የማማክርሽ ነገር...»

«ቆይ ጓንጉል! ቁሌቱ ያርርብኛል።»

ወጥቶ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። «እሳቱን እኔ ልያዝልሽ? አንቺ እየሠራሽ እኔ እነግርሻለሁ።»

«ውጣ ካጠገቤ!» አለች ዓይኖቿ በጭስ ቀልተው። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል? ቁጭ ብለህ አትጠብቅም?»

የተቆጣችው እንጨቱን ነው። እሱ ግን ፊቷን አይቶ የተቆጣችው እሱን መሰለው፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ የተቀመጡት አያ ሽበሺ ይህን አይተዋል። አያ ሽበሺ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከየጎረቤቱ የሚቋደሱ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ» አሉት፣ «የእህትህ ዶሮ እስኪወጣ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ና፣ እስከዚያው እዚህ እታፈራሁ ዘንድ ገባ ብለን ውኃ እንኳ እንጠጣ።»

እታፈራሁ የምትባለው አጥር የምታዋስናት ጎረቤት ናት፤ ከአንዲት ላም በቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌላት ባልቴት።

የውብዳር ይህን ሁሉ አላየችም። ወጡ ሲበስል፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፎፎ መዓዛው ቤቱን ሲሞላው፣ ቀመሰችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ወጥ ሠርታ አታውቅም። ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን ቀየረች፣ ወጥታ «ጓንጉልዬ! በል ና!» አለች። ደጁ ባዶ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ሰማች። የወንድሟ ሳቅ ነው፤ ሕፃን ሳለ በጀርባዋ ላይ ሆኖ እንደሚስቀው፣ ትንፋሽ እያጠረው የሚስቀው ሳቅ።

ዘው ብላ ገባች። ሦስቱ ገበታ ከበው ተቀምጠዋል። ገበታው ላይ ነጭ እንጀራ ተነጥፎ፣ በላዩ እንደ ጀምበር የቀላ ፍትፍት ተከምሮ፣ አናቱ ላይ አይብ ጉብ ብሎበታል። የመኳንንት ምሳ ነው የሚመስለው። ያውም ግማሹ ተበልቷል።

«ይህን ሁሉ መቼ ሠራሽው?» አለች የውብዳር።

«ኧረ እህቴ፣ ምን ሥራ አለው?» አለች እታፈራሁ ብድግ ብላ። «የትናንት እንጀራ ነው። ነይ ቁጭ በይ፣ አፍሽን አብሽ።»

«ወንድሜን በትናንት እንጀራ አጠገብሽብኝ? እኔ ቀኑን ሙሉ በጭስ ስታፈን?»

«እታለም፣ አትቆጪ» አለ ጓንጉል፣ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሶ እያስቀመጠ። «ዶሮውን በአገልግል አድርጊልኝ። መንገድ ላይ እበላዋለሁ።»

እታፈራሁ ነገሩን ላለዝብ ብላ፣ «ዛሬማ የቁጣ ቀን አይደለም የውብዳር! እንኳን ደስ አለሽ! የወንድምን ሠርግ የመሰለ ምን አለ?» አለች።

«የምን ሠርግ?»

እታፈራሁ አፏን በእጇ ያዘች። አያ ሽበሺ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ጓንጉል አፉን ሊከፍት ሲል ከአፋፉ የጓዙ ጥሪ ተሰማ፤ በቅሎዎቹ ተጭነዋል፣ ወንዝ በጨለማ አይሻገሩትም።

የውብዳር ወጡን በአገልግል ሞላች። እስከ አፋፉ ሸኘችው። ልትለው የፈለገችው ብዙ ነው። ማንን ነው የምታገባው፣ መቼ ነው፣ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም፣ ተቀይመኸኛል ወይ? ጓንጉል ጉልበቷን ስሞ ቀና ሲል ግን ከአፏ የወጣው፣ «ወጡ እንዳይፈስብህ አገልግሉን ቀጥ አድርገህ ያዘው» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች እሳት መጫጫር ተዉ። የውብዳር በአጥሩ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሰው ዶሮ ወጥ ሥሪልን ሲላት ሰበብ ትፈጥራለች፤ ሽንኩርት በነካች ቁጥር በማጀቱ በር ብቅ ብሎ የተመለሰው ፊት ይታያታል። ዝናም ሊጥል ሲል አላስችል አላት፤ ተነሥታ አጥሩን ዞረችና እታፈራሁ ደጅ ቆመች።

«የነገረሽን ንገሪኝ» አለች። «ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

እታፈራሁ ሴት ወይዘሮ ናት፤ ያለፈውን አላነሣችባትም። እጇን ይዛ አስገብታ አስቀመጠቻት። እየነገረቻትም እጇ ይሠራል። ያደረ እንጀራ ቆራርሳ ገበቴ ላይ አደረገች። ከበርበሬ ድልሁ በእንጨት ማንኪያ ቆንጠር አድርጋ በሞቀ ውኃ በጠበጠች፤ በኮሰረትና በጥቁር አዝሙድ የተነጠረ ቅቤዋን እሳት አሳይታ አፈሰሰችበት፤ አሸት አሸት አድርጋ፣ አንድ እንጀራ አንጥፋ ከመረችውና አይብ ጉብ አደረገችበት። ያኔ የውብዳርን ያስደነገጣት ያ የመኳንንት ገበታ፣ ምራቅ ሳይደርቅ ቀረበ። በዚህ ሁሉ መሃል እታፈራሁ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ከየውብዳር ፊት ላይ አላነሣችም።

«ልጅቱ ሶሬቲ ትባላለች» አለች። «የሌቃ ሰው ልጅ ናት። ጓንጉል ታምሞ ወድቆ ሳለ እናቷ ናት ያስታመመችው። ሊያገባት ሲጠይቅ አባቷ፣ ‹ከወገንህ ማን ይመርቅሃል?› አሉት። ‹እናት የለኝም፤ እናቴን የተካች እህት አለችኝ፤ ሄጄ ምርቃቷን ይዤ እመጣለሁ› ብሏቸው ነው የመጣ።»

የውብዳር እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

«ምርቃቴን ሊወስድ?» አለች። «እኔ እኮ... ወጡ እንዳይፈስብህ ነው ያልኩት።»

ብላ አለቀሰች። እታፈራሁም አብራት አለቀሰች፤ ሲበቃቸውም ፍትፍቱን ጨርሰው በሉት።

ክረምቱ ወጣ፤ ዓባይ ጎደለ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የውብዳርም ሳታስበው፣ ጓንጉል መጣ። ከኋላው ዶቃ ያሰረች፣ ቀጠን ያለች ልጅ ተከትላዋለች። ያለ ምርቃቱም አባትየው አዝነውለት ድረውታል፤ እሱ ግን ልቡ ስላላረፈ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሶሬቲ አማርኛ አታውቅም። ከበሩ ሥር ቆማ የባሏን እህት ፊት ብቻ ታያለች፤ ሌላ የምታነበው የላትም።

የውብዳር ሁለቱንም ስማ ስታበቃ፣ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ድስቱ ሄደ። ሽንኩርት ጨበጠች፤ ግንባሯም ሊቋጠር ጀመረ። ዞር ስትል ጓንጉል ከመደቡ ጫፍ ላይ፣ ሊጠብቅ እንደተዘጋጀ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሽንኩርቱን አኖረችው። ገበቴዋንና የሌማቱን እንጀራ ይዛ መጥታ ከመሃላቸው ቁጭ አለች፤ ከተቀመጠችበትም ወደ አጥሩ ዞራ «እታፈራሁ! አያ ሽበሺ! ኑ እንግዶቼን እዩልኝ!» ብላ ተጣራች። ሁለቱም መጥተው ገበታውን ከበቡ።

እንጀራውን እየቆራረሰች ዓይኗ እንግዶቿ ላይ ነው። ስለ ሶሬቲ እናት ጠየቀች፤ ጓንጉል እያስተረጎመ ነገራት። ሶሬቲን አገጯን ይዛ አየቻት፤ ሳቀችላት፤ ልጅቱም ሳቀች። ድልሁን ስትጨምርም፣ ቅቤውን ስታፈስም ወሬ ላይ ነበረች። ያቺ ለሠርግ ድስት ቅመም ለክታ የማትስት እጅ ያን ቀን ሳተች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሶሬቲ አጎረሰቻት። ልጅቱ ዓይኗ ዕንባ ሞላ፣ አፏን በእጇ አራገበች፤ ግን እየሳቀች አፏን ለሁለተኛው ከፈተች።

ያን ጊዜ የውብዳር ገበታውን ገፋ አድርጋ ተነሣች። እጇን በሁለቱ ራስ ላይ ጫነች።

«እናታችን ብትኖር የምትለውን እኔ እላለሁ» አለች። «ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ያጣሁትን ወንድሜን ይዛልኝ የመጣች፣ እሷም ልጄ ናት።»

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ቀና ሲል፣ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ፣ «እታለም፣ ይህ ከዶሮሽ ይጣፍጣል» አላት።

«አትዋሽ!» አለች የውብዳር እየሳቀች። ራሷም ቀምሳው ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። «ድልሁ በዝቶብኛል፤ አበላሽቼዋለሁ። አያ ሽበሺ፣ እርስዎ ሐሰት አያውቁም፤ ይፍረዱን እስቲ።»

አያ ሽበሺ ውኃቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፣ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከምትስቀው ሙሽራ ወደ የውብዳር፣ ከየውብዳር ወደ ገበታው ተመለከቱና እጃቸውን ለሌላ ጉርሻ እየዘረጉ፣ «ፍትፍቱስ አፌን ጠብሶኛል ልጄ፤ ግን ይህን ፊትሽን እያየሁ መነሣት አልቻልኩም፤ ለካስ ከፍትፍቱ ፊቱ!» አሉ።