ሁለት ጠፍር ያለው ግድብ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ስሙን አትጠይቂኝ፣ ምንታምር፤ ስም ከነገርኩሽ የማን ዘር ነው፣ የየት አገር ሰው ነው ትያለሽና ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። «ሁለት ፓርቲ እየተፈራረቀ በሚገዛበት አገር ፓርቲዎቹ መጀመሪያ ከየት መጡ? ልዩነታቸውስ ምንድን ነው? ትክክለኛው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! እንግዲህ ከጠየቅሽ አይቀር ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ያንን ስልክሽንም አስቀምጪው።

ገበሬው የሚኖርበት መንደር ከተራራ ሥር ነው። ከተራራው አንዲት ወንዝ ትወርዳለች፤ ክረምት ትጮኻለች፣ በጋ ሲሆን ግን ካለች አትቆጠርም። የድሮ ሰዎች ወንዟን በድንጋይና በጭቃ ገደቧት። ክረምት ሲወጣ ውሃውን ያጠራቅሙና በበጋ ሽንኩርትና ሽምብራ ያጠጡበታል።

ታዲያ ግድቡ ተሠርቶ ሳይደርቅ ጠብ መጣ። አንደኛው ሽማግሌ በልጅነታቸው ድርቅ ያዩ ናቸው፤ እናታቸውን በዚያ ረሀብ ቀብረዋል። «ውሃው ይከተር፤ ጠብታ አይባክን፤ ነገ የሚመጣውን ማን ያውቃል?» አሉ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ወንድማቸውን ከነበሬዎቹ ጎርፍ የወሰደባቸው ናቸው። «ውሃ አምቆ መተኛት ሞትን ራስጌ አድርጎ መተኛት ነው። ልቀቁት፤ ሁሉም በየማሳው ይጥለፈው» አሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ግማሹ ሰው ወደ አንዳቸው፣ ግማሹ ወደ ሌላው ዞረ። እነዚያ «ክተሩ ባዮች»፣ እነዚህ «ልቀቁ ባዮች» ተባሉ።

ሽማግሌዎቹ ግን የዛሬ ሰው አልነበሩም። ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። የግድቡ አፍ በወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ይዘጋል። ሳንቃው ላይ ሁለት ጠፍር፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ብርቱ ጠፍር፣ ግራና ቀኝ ታሰረ። የግራው ለክተሩ ባዮች፣ የቀኙ ለልቀቁ ባዮች ተሰጠ። በአንድ ወገን ብቻ የሳቡት እንደሆነ ሳንቃው ያዘነብልና ይቀረቀራል፤ ከዚያ በኋላ ዝሆን ቢመጣ አይነቅለውም። ሁለቱ አብረው ሲስቡ ነው ቀጥ ብሎ የሚነሣው። በየዓመቱ ሕዝቡ ከሁለቱ ወገን አንድ ሰው «የውሃ አባት» ብሎ ይመርጣል። መቼ እንደሚከፈት፣ ውሃው ለማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚያዘው እሱ ነው። ቢያዝም ግን የዚያኛው ወገን ጠፍሩን ካልያዘለት ትእዛዙ ከአፉ አያልፍም። ሆን ብለው ነው እንዲያ ያደረጉት።

ሽማግሌዎቹ ሞቱ። ልጆቻቸው ጠፍሩን ወረሱ፤ የልጅ ልጆቻቸው ጠቡን ወረሱ። ድርቁንም ጎርፉንም ያየ ሰው አለቀና ስሙ ብቻ ቀረ። ሁለቱ ወገን ሆድና ጀርባ ሆኑ። ለቅሶ ቤት እንኳ ለየብቻ ይቀመጡ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! አንዱ ነጋ ካለ ሌላው መሸ ይላል። ለምን እንደተለያዩ ብትጠይቂያቸው «እነሱን አታውቂያቸውምና ነው» ይሉሻል እንጂ ሌላ መልስ የላቸውም።

ወደ ገበሬው ልመለስልሽ። እሱ ከክተሩ ባዮች ተወልዶ ከክተሩ ባዮች ያደገ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመትም የውሃ አባት ሆኖ ተመርጧል። አንዲት ልጅ አለችው። እሷን ለልቀቁ ባይ ልጅ በመዳሩ ወገኖቹ አኩርፈውት ነበር፤ እሱ ግን ልጁ ጨዋ ነው ብሎ ዝም አለ። ልጅቷ ከግድቡ በታች ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር ትኖራለች። ሰሞኑን ወልዳ አራስ ናት።

በጋው ሊያልቅ ሲል ተራራው ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። መንደሩ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰዉም ልብሱን አጥቦ አስጥቷል። ገበሬው ጠዋት ግድቡን ሊያይ ወጣ። ትናንት የጠራው ውሃ ደፍርሶ ቀልቷል፤ ወደ አፋፉም ተጠግቷል። ወደ ግርጌው ወረደና መዳፉን ግድቡ ላይ አሳረፈ። ድንጋዩ አልቦታል። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ለስልሶ ጣቱን ዋጠው። ከዚያች ሰዓት ወዲያ እግሩ አንድ ቦታ አልቆም አለው።

እየሮጠ ወደ ወገኖቹ ሄደ። አጎቱ የክተሩ ባዮች ሁሉ አንደበት ናቸው። «አጎቴ፣ ግድቡ ሊሄድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አሁኑኑ እንክፈተው» አላቸው።

«ምን ነካህ?» አሉት። «ሽንኩርቱ ገና ውሃ ይፈልጋል። ደግሞስ በእኛ የውሃ አባት ጊዜ ተከፈተ ቢባል እነዚያ ምን ይላሉ? እኛ ልክ ነበርን አይሉም?»

«ይበሉዋ! ቢሉ ምን ይሆናል?»

«አሃ! ለልጅህ ስትል ወገንህን ልትሸጥ ነዋ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እዚያ ሲያፍር ቁልቁል ወረደና የልቀቁ ባዮች አለቃ ከሆነ አንድ ባለጸጋ ደጅ ደረሰ። ባለጸጋው በጋውን ሙሉ «ክፈቱ! ክፈቱ!» እያለ ሲጮኽ የከረመ ሰው ነው። ገበሬው ይኼማ ይሰማኛል ብሎ ነበር፤ የዋህ! ባለጸጋው ሰምቶ ሲጨርስ ሣቀ።

«ክፈቱልን ብለን ስንለምን ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ዛሬ ሽምብራዬ ለአጨዳ ሲደርስ ይከፈት ትላለህ። ማሳዬን ልታስጠርገኝ ነው? አይከፈትም!»

«ጌታዬ፣ እናንተ እኮ ልቀቁ ባዮች ናችሁ።»

«አንተ ልቀቁ ስትልማ አይደለንም!»

ገበሬው ከዚያ ወደ ልጁ ቤት ገሠገሠ፤ ቢያንስ እሷን ላውጣ ብሎ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። «አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት ትወጣለች ያለህ ማነው? ውሃውን ለሽንኩርታችሁ ሙጭጭ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ደግሞ በጎርፍ ልታስፈራሩን ትመጣላችሁ?» አሉት። ልጅቷ ከውስጥ ሰማችውና «አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ና ቁጭ በል እንጂ፤ ልጁን እየው» አለችው። ገባ፤ አየው፤ ልጁ እጁን ጨብጦ ተኝቷል። ቁጭ ሊል አቅቶት ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰ፤ ሕፃኑን አንዴ አየና ወጣ። ወደ ግድቡ ሲሮጥ ያየው ሁሉ አበደ አለ።

ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ሕዝቡ ከግድቡ ግራና ቀኝ ተሰብስቦ ቆሟል። አንድ ሰው እንኳ ውሃውን አያይም። እነዚህ እነዚያን ያያሉ፤ እነዚያ እነዚህን ያያሉ። ውሃው ግን ከሥራቸው አፋፉን ይልሳል። ገበሬው ወዲህ ሄዶ «ኧረ ስለ ማርያም!» አለ፤ ወዲያ ሄዶ «ኧረ በልጆቻችሁ!» አለ። ሰሚ የለም። ያኔ የባለጸጋው ቃል ትዝ አለውና ምን እንደሚያደርግ ገባው።

ግድቡ ላይ ወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ። «ስሙኝ! ተሳስቻለሁ! ግድቡ አይከፈትም! እኔ የውሃ አባት ሳለሁ ጠብታ አታልፍም! ልቀቁ ባይ የሆነ ሁሉ ጠፍሩን እንዳይነካ፣ ብያለሁ!»

ክተሩ ባዮች እልል አሉ። ባለጸጋው ግን ደም ሥሩ ተገተረ። «ጠፍራችንን እንዳንነካ የምታዝ አንተ ማነህ? ልቀቁት! ሳቡት!» አለ። ጠዋት ሽምብራዬ ያለው ሰው፣ ሽምብራው የት እንደበቀለ እንኳ ረሳው። ወገኖቹ ተረባርበው የቀኙን ጠፍር ያዙ፤ ሳንቃው ተንቀሳቀሰና ማዘንበል ጀመረ። ሊቀረቀር ነው። በግራ በኩል ጠፍሩ መሬት ላይ ወድቋል፤ ክተሩ ባዮች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ገበሬው ከግድቡ ዘሎ ወረደ። የወገኖቹን ጠፍር አነሣ፣ እጁ ላይ ጠመጠመው፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ተከለና ሳበ። ብቻውን። በደህናው ቀን የብዙ ሰው ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰዉ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባውም። ሲገባቸው ወገኖቹ «ከሃዲ!» ብለው ጮኹ፤ አጎቱ በከዘራ ጀርባውን አሉት፤ አንዱ ልብሱን ይዞ ጎተተው። አልለቀቀም። ጠፍሩ የመዳፉን ቆዳ ይዞ ሄደ፤ አሁንም አልለቀቀም። ሳንቃው እየተንገጫገጨ ስንዝር ያህል ተነሣ፣ ውሃው ከሥሩ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ራሱ ገፍቶ አነሣው።

የባለጸጋው ሽምብራ ተጠረገ፤ አንድ ሁለት አጥር ሄደ። ግድቡ ቆመ፣ መንደሩም ተረፈ።

አመሰገኑት ብለሽ ነው? ውይ ልጄ! ክተሩ ባዮች ወገኑን የሸጠ ነው ብለው ከዚያ ቀን ወዲህ ለደቦ አልመጡለትም፤ እሱም አዝመራውን ብቻውን አጨደ። ልቀቁ ባዮች ደግሞ እየጨፈሩ ገቡ። «እኛ ልንከፍት ስንስብ እሱ እንዳይከፈት ጠፍሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ በጉልበት አሸነፍነው» ብለው አወሩ። ሁሉም በዓይኑ ያየውን አንድ ሥራ ነው እንዲህ ለሁለት የተካፈሉት።

ማታውኑ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ወሬው እዚያም ቀድሞታል። አማቷ በር ላይ ቆመው «ምን ዓይን አለህና መጣህ? ልጅህ ከታች ተኝታ ሳለ አትክፈቱ ብለህ ስትጮኽ አገር ሰምቷል። ጠፍሩንም ይዘህ ስትዘጋ አይተውሃል» አሉት። ሰውየው ለምን እንደጮኸ ቢናገር ልቀቁ ባዮች መታለላቸውን ያውቃሉ፤ ካወቁ ደግሞ ሌላ ቀን ጎርፍ ሲመጣ ጠፍሩን አይነኩም። እዚያው ቆመ፤ ሊሄድም ሊገባም አልቻለም። ከመንደሩ ስድብ ሁሉ ይልቅ ልጁ ይህን ታምን ይሆን የሚለው አንጀቱን በላው።

ልጅቷ ሕፃኑን እንደታቀፈች ብቅ አለች። ፊቱን አየችው፤ ከዚያ እጁን። መዳፉ ሥጋው ወጥቷል። እጁን ገልብጣ አየችና ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ» አለቻቸው፣ «ሳንቃው በጠፍር ይከፈታል እንጂ ይዘጋል እንዴ?»

አሮጊቷም ጎንበስ ብለው መዳፉን አዩ። ቀጥለውም ከበሩ ዞር አሉለት። ልጅቷ አስቀመጠችው፣ ቅቤ አምጥታ መዳፉን ቀባችለት። ያ ቀኑን ሙሉ ያልቆመ ሰው እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

እንግዲህ ምንታምር፣ ሁለቱ ፓርቲዎች ከየት መጡ ላልሽኝ ከፍርሃት ነው የመጡት። አንዱ ድርቅ ፈራ፣ ሌላው ጎርፍ ፈራ፤ ሁለቱም ፍርሃት እውነት ነው። አንዱ መንግሥት እጁ ይጠንክር፣ ያጠራቅም፣ ይጠብቅ ይላል፤ አንዱ ይልቀቅ፣ ሰዉ በራሱ ይሥራ ይላል። ልዩነታቸው መጀመሪያ ይኸው ነበር። ሁለት መሆናቸውም ክፋት የለውም፤ አንዱ ብቻውን ከሳበማ ሳንቃው ይቀረቀራል። በሽታው የሚጀምረው ውሃውን ማየት ትተው የሌላውን አፍ ማየት ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ስማቸው እንዳለ ሆኖ ሐሳባቸውን ይለዋወጣሉ፤ ክተሩ ባዩ ልቀቁ፣ ልቀቁ ባዩ ክተሩ ይላል፤ ጥላቻቸው ብቻ ሳይለወጥ ይቀመጣል። ትክክለኛው የቱ ነው ትይኛለሽ። እኔ ምን አውቄ? በየትኛው ቀን? ወርደሽ ግድቡን ዳስሺውና እሱ ይንገርሽ።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ እንዳላመጣሽው አውቃለሁ። ወንድምሽ በዚህ ምርጫ ከወዲያኛው ጋር ቆመ ብለሽ ቤቱን መርገጥ ትተሻል፤ እናትሽ መጥታ አልቅሳብኛለች። ማን ልክ ነው ብዬ እንድፈርድልሽ ነበር የመጣሽው፤ አልፈርድም። ተነሺና ወደ ወንድምሽ ሂጂ። ስትደርሺ ክርክሩን ተይው፤ መጀመሪያ ምን እንደሚፈራ ጠይቂው።