ሳማ የተደበቀበት መቀመጫ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ካላላችሁኝ አልነግራችሁም!

ዝንጀሮዎች በሚጣሉበት የሾላ ዛፍ ጉዳይ ስብሰባ ጠሩና ባላንጣዎቻቸውን ጦጣዎችንም ጋበዙ። ተንኮለኛዋ ጦጢት ቀድማ ደርሳ የሽማግሌው ዝንጀሮ መቀመጫ ድንጋይ ላይ ሳማ አድርጋ በሣር ሸፈነችው። ሳቋን አፍና ስትጠብቅ ሽማግሌው መጡ።

«ነይ ልጄ፣ እንግዳ መሬት አይቀመጥም። የኔ ቦታ ላይ አረፍ በይ።»

ጦጢት ደነገጠች። «አይ አባባ፣ እኔ እዛ ላይ አልቀመጥም!»

«አያችሁ ሲንቁን!» ብለው ወጣቶቹ ዝንጀሮዎች ጮኹ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ እኮ ሾላውን አብረን እንብላ ልል ነበር የመጣሁት። በቃ፣ ተዉት።»

ጦጢት የሳማውን ነገር ለመናገር ፈራች። ይኸው ዛሬም ሾላው ሲበስል ጦጣዎች ከሩቅ ያሸትታሉ፤ እሷ ብቻ አፍራ ወደዛ አትዞርም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን በሳማ እንዳታብሱ!